ቡሎን ስንት ይጥበቅ?
በሐረር ጋራዦች ስለ እጅ ልምድና ስለ ፋብሪካ ልክ

መግቢያ

ሐረር የመኪናን ድምፅ ለመንገድ ስም ያደረገች ከተማ ናት። በጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙም የመጣው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ፈረስ መጋላ ደግሞ እንደ ስሙ የፈረስ ገበያ ነበር፤ ፈረሱ ስፍራውን ከለቀቀ በኋላ አደባባዩ ለብዙ ዓመታት የፔጆ 404 ታክሲዎች መሰለፊያ ሆኖ ኖረ። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ ቀርቦ፣ የቤት መኪናው ሥራ እዚያው በ1975 ያበቃ ዐይነት ነው። ሐረር ግን እነዚህን መኪናዎች ፋብሪካቸው ከተዋቸው በኋላ ዐሥርት ዓመታት አሠራቻቸው። ዛሬ ባጃጅና ቶዮታ ስፍራቸውን ቢወስዱም፣ የከተማዋ ስም ከፔጆ ስም ጋራ አብሮ መነሣቱ አልቀረም።

ይህ ሁሉ የሆነው በመካኒኮች እጅ ነው። አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት ከአባት፣ ከአጎት ወይም ከጌታቸው ሥር ቁልፍ በማቀበል እንጂ ከመጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጣ ተማሪ ቆሞ «ሥራችሁ ልክ አይደለም» ቢል ሰሚ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በዚያ መንፈስ አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መካኒክ የመኪና ቡሎን ወይም ዳዶ ሲያጠብቅ በፋብሪካው መጽሐፍ የታዘዘውን ልክ መከተል አለበትን፣ ወይስ እጁ «በቃ» ሲለው ቢተወው ይበቃዋል? «ልክ» ስል በጋራዥ ቋንቋ «ቶርክ» የሚባለውን፣ ማለት ቁልፉ በምን ያህል ኀይልና በምን ያህል የእጀታ ርዝመት እንደሚጠመዘዝ የሚወስነውን ቁጥር ማለቴ ነው።

፩. የጥያቄው መነሻ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁልቁለቱ በአብዛኛው ከደንገጎ ጀምሮ እየተጠማዘዘ የሚወርደው ክፍል ነው። አወዳይንና ሐረማያን አልፈን ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን፣ ከኋላ በግራ በኩል አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ሹፌሩ ልባም ሰው ስለ ነበረ ወዲያው ዳር ይዞ አቆመ። ወርደን ስናይ ከጎማው ስድስት ዳዶዎች ሁለቱ ወድቀዋል፤ ሦስተኛው በጣት ይዞራል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ ግን ገደሉ በግልጽ ይታይ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ረዳቱ እየማለ እንደ ተናገረው፣ ጎማው የተቀየረው በዋዜማው ሲሆን ዳዶዎቹን ያጠበቁት በቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው፣ በቱቦውም ላይ በእግራቸው ቆመው ነበር። ይህን ያህል የጠበቀ ነገር በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት ላላ? ሰውየው እየዋሸ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩን ካጠናሁ በኋላ ግን እውነቱን እንደ ነበረ ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

፪. ቡሎን ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ቡሎንን እንደ ምስማር ያስበዋል፤ ሁለት ነገሮች እንዳይላቀቁ በመካከላቸው የቆመ ብረት አድርጎ ማለት ነው። ትክክለኛው አስተሳሰብ ግን ቡሎንን እንደ ሞላ፣ ማለት እንደ ስፕሪንግ ማየት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብረትም ወደ ቀድሞው ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ዕቃዎች ጨብጦ ይይዛል። ጎማው ከመኪናው ጋራ የሚሄደው ቡሎኖቹ ስለ ተሸከሙት አይደለም፤ ቡሎኖቹ ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋራ በብርቱ ስለሚያጣብቁትና በሁለቱ መካከል ያለው ፍትጊያ ስለማያንሸራትተው ነው። ይህ ጭብጫቤ ከላላ፣ ቸርኬው በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ዳዶውንም ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ቡሎኑም ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ በመጨረሻ ይሰበራል።

የሞላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1678 በእንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ታትሞ ወጥቷል፤ ይኸውም መለጠጡና ኀይሉ እኩል ያድጋሉ የሚል ነው። ይህን ሕግ የሐረር ነጋዴ ሁሉ በየቀኑ ይሠራበታል። ቡናና ጫት የሚመዘንበት ባለመንጠቆ ተንጠልጣይ ሚዛን በውስጡ ያለው ሞላ ብቻ ነው፤ ሁለት እጥፍ ክብደት ሲሰቀልበት ሁለት እጥፍ ይለጠጣል። በጎማ ላይ ያለ ቡሎንም እንደዚያው ሚዛን ነው፤ ልዩነቱ የቡሎኑን መለጠጥ በዐይን ማየት አለመቻላችን ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ፋብሪካው ለቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚያዝዘው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የቡሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር ነው። በንጹሕና በደረቅ ጥርስ ላይ ይህ ልክ ቡሎኑን ወደ 43,000 ኒውተን በሚጠጋ ኀይል ይወጥረዋል፤ ይኸውም የ4,400 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። አንድ ቡሎን ብቻ ከጠቅላላ የኮሮላው ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ኀይል ይጨብጣል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ኀይል የሚገኘው ከምን ያህል መለጠጥ ነው? ዳዶው የጨበጠው የቡሎን ርዝመት 4 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ቡሎኑ የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያነሰ ነው፤ የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ሐተታ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

አሁን ወደ ደንገጎው ጎማ እንመለስ። ድሬዳዋ ደርሰን ጎማው ሲወርድ፣ በቸርኬውና በታምቡሩ መካከል የዛገ ቅርፊትና በላዩ ወፍራም አዲስ ቀለም ተገኘ። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ጨብጠው የነበረው ብረትን ከብረት ጋራ ሳይሆን ዝገትንና ቀለምን ነው። መኪናው ሲሄድ፣ ሲጭንና ፍሬን ሲይዝ ያ ቅርፊት ደቀቀ፤ ቀለሙም ተጨፈለቀ። ከመካከል የግማሽ ወረቀት ውፍረት ቢጠፋ ከቡሎኑ መለጠጥ ግማሹ ይጠፋል፤ የሙሉ ወረቀት ውፍረት ቢጠፋ ምንም አይቀርም። ዳዶው አንድም ዲግሪ ሳይዞር ውጥረቱ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ረዳቱ አልዋሸም። በቱቦ አጥብቆታል፤ ያጠበቀው ግን ሊደቅ በተዘጋጀ ነገር ላይ ነበር።

፫. እጅ የሚሰማውና የማይሰማው

ከሸዋ በር ውጭ ባለ አንድ ጋራዥ የሚሠሩ፣ በፔጆ ሥራ የሸመገሉ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ጉዳይ አነሣሁላቸው። በትሕትና ሰምተው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ይህ የምትለው መለኪያ እዚህ አልነበረም። ያሠርኳቸው መኪናዎች ግን እስከ ዛሬ ይሄዳሉ። ቡሎኑ ‹በቃኝ› ሲል እጄ ይሰማዋል።»

ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። እንዲያውም የመሐንዲሶች መጻሕፍት ራሳቸው ከፊል ምስክርነት ይሰጡላቸዋል። በሰፊው እንደ ታወቀው፣ በልምድ ብቻ በእጅ የጠበቀ ቡሎን ውጥረቱ ከታሰበው በመቶ 35 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ በመለኪያ ቁልፍ የጠበቀውም ቢሆን በመቶ 25 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሰው እንደሚገምተው የሰማይና የምድር አይደለም።

የዚህም ምክንያቱ ፍትጊያ ነው። ቁልፉን ስንጠመዝዝ ከምናወጣው ድካም ከ100 እጅ 50 ያህሉ በዳዶው ግርጌ ባለው ፍትጊያ፣ 40 ያህሉ በጥርሶቹ መካከል ባለው ፍትጊያ ያልቃል፤ ቡሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው 10 ያህሉ ብቻ ነው። እንግዲህ እጃችን የሚሰማው በአብዛኛው ፍትጊያን ነው። ጥርሱ የዛገ ቡሎን ገና ሳይለጠጥ «በቃኝ» ይላል፤ ዘይት የጠጣ ቡሎን ደግሞ ከልክ በላይ ተለጥጦ እንኳ «ጨምርልኝ» ይላል። መለኪያው ቁልፍም የሚለካው ጠቅላላውን ስለ ሆነ በዚሁ ይታለላል።

ታዲያ ሁለቱም የሚታለሉ ከሆነ ልኩን መከተል ለምን ያስፈልጋል? ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ የቡሎን ልክ ከውፍረቱ ጋራ በእኩል አያድግም፤ በሦስት ደረጃ እየተባዛ ይሄዳል። ከአንድ ዐይነት ብረት የተሠሩ ሁለት ቡሎኖች፣ አንዱ 6 ሚሊሜትር ሌላው 12 ሚሊሜትር ቢሆኑ፣ የትልቁ ልክ የትንሹ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። የሰው ክንድ ይህን ያህል ልዩነት አመዛዝኖ ለማውጣት ይቸግረዋል። በጋራዦቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ትንሹ ቡሎን፣ ብዙ ጊዜ የሚላላው ትልቁ ቡሎን መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እጅ ይደክማል፤ የቁልፉም ርዝመት ይለያያል። ጧት የጠበቀና ማታ የጠበቀ፣ በአጭር ቁልፍ የጠበቀና በቱቦ የጠበቀ አንድ አይሆንም። ከላይ የተጠቀሰው በመቶ 35 የሚነገረው ለሠለጠነ እጅ ነው፤ ቱቦ ላይ ለቆመ ረዳት አይደለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በብዙ ስፍራ የሚፈለገው ብርታት ብቻ ሳይሆን እኩልነት ነው። በአንድ ጎማ ላይ ካሉ ዳዶዎች አንዱ ብቻውን እጅግ ቢጠብቅ ቸርኬው ወይም የፍሬኑ ታምቡር ይጣመማል፤ የላላው ዳዶ ድርሻም ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል። መለኪያው ቁልፍ በፍትጊያ ቢታለል እንኳ፣ ጥርሶቹ ተመሳሳይ ንጽሕና ካላቸው ሁሉንም በተመሳሳይ ያስኬዳቸዋል።

ሽማግሌው ይህን ከሰሙ በኋላ «ይታያል» አሉና አንድ ጎማ በእጃቸው አጠበቁ። ከዚያም ከታች በምገልጸው በተንጠልጣይ ሚዛን ዘዴ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ከልኩ በታች፣ ሁለቱ ከልኩ በላይ ሆነው ተገኙ፤ አራተኛው ልኩ ላይ ነበር። አንድ ጎማ ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ሽማግሌው ግን ጥቂት ዝም ብለው ሲያበቁ፣ «አቦ፣ ሚዛኑን እዚሁ ተውልኝ» አሉኝ።

፬. የፔጆው ቴስታታ

የእኩልነት ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚገለጸው በሞተሩ ራስ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ በሚባለው ክፍል ነው። የፔጆ 404 ሞተር 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያጋደለ ሲሆን፣ የሞተሩ አካል ከብረት፣ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮን፣ ማለት የእሳቱን ግፊት፣ ውሃውንና ዘይቱን የሚለያየው ማሸጊያ ይገባል። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስትወጣ የምትፈላ መኪና ያየ ሰው፣ የዚህን ማሸጊያ ዋጋ ያውቃል።

አሉሚኒየም በሙቀት ጊዜ ከብረት ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ያብጣል። 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው አሉሚኒየም ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.18 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፤ ያው ርዝመት ያለው የብረት ቡሎን ግን 0.10 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። የሁለቱ ልዩነት አሁንም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ሞተሩ በሞቀ ቍጥር ቴስታታው ቡሎኖቹን በዚህ መጠን ጨምሮ ይለጥጣቸዋል፤ ሲበርድም ይለቅቃቸዋል። እንግዲህ ቡሎኖቹ አስቀድሞ ከልክ በላይ ከተወጠሩ ሙቀቱ ሲጨመርበት ወይ ቡሎኑ ከመለጠጥ አልፎ በዚያው ይቀራል፣ ወይ ማሸጊያው ይጨፈለቃል፤ ሞተሩ ሲበርድ ሁሉም ላልቶ ይገኛል። ከልክ በታች ከሆኑም ግፊቱ ማሸጊያውን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ፋብሪካዎች ለቴስታታ የሚሰጡት ትእዛዝ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሥርዐትም ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ማጥበቅ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ይፈጸም፤ ሲፈታም ከዳር ወደ መካከል ይሁን። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሞተሮች ብዙዎቹ ጥቂት ከተነዱ በኋላ ቴስታታቸው እንደ ገና እንዲጠብቅ ያዝዙ ነበር፤ ይህም ማሸጊያው በመጀመሪያው ሙቀት ስለሚቀመጥ ነው። የአዳዲስ መኪናዎች ቴስታታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ይጠብቃል፤ በመጀመሪያ በትንሽ ልክ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ በዲግሪ ተቈጥሮ፣ ለምሳሌ ሩብ ዙር ይጨመርበታል። ይህ ዘዴ ፍትጊያን በከፊል ያመልጠዋል፤ የሚቈጥረው ድካምን ሳይሆን ዙርን ነውና። ከእነዚህ ቡሎኖች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ከተለጠጡ በኋላ መልሰው አይገቡም። አሮጌውን ቡሎን መልሶ ማሰር ገንዘብ ያተረፈ ይመስላል፤ ሞተሩን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ያስፈታል።

፭. ቁጥሩ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ

ልኩን መከተል ማለት ቁጥሩን ማምለክ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚሠራው የተጻፈለት ሁኔታ ሲጠበቅ ብቻ ነው። በጋራዦቻችን ሦስት ስሕተቶች እንደሚያጋጥሙ ተመልክቻለሁ።

የመጀመሪያው ዘይትና ግራሶ ነው። ዳዶ እንዳይዝግ በማሰብ ጥርሱን ግራሶ መቀባት የተለመደ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልኩ ግን የተሰጠው ለደረቅ ጥርስ ከሆነ ውጤቱ ይለወጣል። ቀደም ሲል ያየነው 103 ኒውተን ሜትር በደረቅ ጥርስ ላይ 4,400 ኪሎ ያህል ውጥረት ይሰጣል፤ ፍትጊያው በቅባት ሩብ እጅ ቢቀንስ ያው ልክ 5,800 ኪሎ ያህል ይሆናል። በራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለበት ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ሳይበላሽ ሊሸከም የሚገባው ደግሞ 5,400 ኪሎ ያህል ነው። መካኒኩ መጽሐፉን በትክክል ተከትሎ ቡሎኑን ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ «በዘይት» ካላለ በደረቁ፣ «በዘይት» ካለ በዘይት።

ሁለተኛው የመለኪያ ቋንቋ መደባለቅ ነው። የቀድሞ የፈረንሳይ መጻሕፍት ልኩን በኪሎግራም ሜትር፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ መጻሕፍት በፓውንድ ጫማ፣ የዛሬዎቹ በኒውተን ሜትር ይጽፋሉ። 103 ኒውተን ሜትር፣ 10.5 ኪሎግራም ሜትር፣ 76 ፓውንድ ጫማ ሦስቱም አንድ ናቸው። በመለኪያ ቁልፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ 103ን ከፓውንድ ጫማው መስመር ያነበበ ሰው ከታዘዘው በመቶ 36 ጨምሮ ያጠብቃል። ይህ ስሕተት ከእጅ ግምት አይሻልም፤ እንዲያውም በመለኪያ ስለ ተሠራ ማንም አይጠረጥረውም።

ሦስተኛው አሮጌ ቡሎን ነው። ጥርሱ የተበላ፣ አንገቱ የቀጠነ ወይም የዛገ ቡሎን ምንም ልክ አይመልሰውም። እዚህ ላይ የሽማግሌው መካኒክ ልምድ ከመጽሐፍ ይበልጣል። እርሳቸው ማንኛውንም ቡሎን ሳያስሩ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳሉ፤ ዳዶውን እስከ ግርጌው በጣታቸው ያስኬዱታል፤ በጣት የማይሄደውን ወደ ጎን ይጥሉታል። ሲያጠብቁም ብረቱ መለስለስ ሲጀምር ይሰማቸዋል፤ ይህን መለኪያው ቁልፍ አይናገርም። የፋብሪካው ቁጥር እውነት የሚሆነው እንዲህ ያለ እጅ አስቀድሞ ሥራውን ሲሠራለት ነው።

፮. በሐረር ሊደረግ የሚችለው

መለኪያ ቁልፍ አዲስ ነገር አይደለም። ኮንራድ ባር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ የቧንቧ ቡሎኖች ከልክ በላይ እየጠበቁ መሰበራቸውን ለማስቀረት እንደ ፈለሰፈው ይነገራል። የችግሩ መነሻ ከእኛው ጋራ አንድ ነበር፤ የብርቱ ሰዎች እጅ ቡሎን ሰበረ። ዛሬ መሣሪያው በገበያ ይገኛል። አቅሙ የፈቀደለት ጋራዥ ቢገዛው፣ በተጠቀመ ቍጥር ቀስ ብሎ ይሳብበት፤ «ቀጭ» ሲል ያቁም፤ ለመፍቻ አይጠቀምበት፤ ሲያስቀምጠውም የውስጡን ሞላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ያላላው።

መግዛት ላልቻለ ግን የገበያው ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከዳዶው መካከል አንሥቶ በትክክል 50 ሳንቲሜትር ላይ በቁልፉ ወይም በቱቦው ምልክት ይደረጋል። የሚዛኑ መንጠቆ በዚያ ምልክት ላይ ይታሰራል። ሚዛኑ ከቁልፉ ጋራ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ በዝግታ ይሳባል፤ ሚዛኑ 21 ኪሎ ሲያሳይ ማጥበቁ ይቆማል። 21 ኪሎ በግማሽ ሜትር ሲባዛ 10.5 ኪሎግራም ሜትር ነው፤ ይኸውም ያ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ለሌላ ልክ የታዘዘውን ኪሎግራም ሜትር በሁለት ማባዛት ብቻ ነው። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቁልፉ አግድም ከሆነ የራሱ ክብደት በልኩ ላይ ስለሚጨመር ቁልፉን ወደ ላይ አቁሞ ሚዛኑን ወደ ጎን መሳብ ይሻላል፤ የሚዛኑም እውነተኛነት አስቀድሞ በታወቀ ክብደት ይፈተን። ሁክ ስለ ሞላ ያስተማረው ሕግ በዚህ ዘዴ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በሚዛኑ ውስጥና በቡሎኑ ውስጥ።

ለጎማ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። በቸርኬውና በታምቡሩ መካከል ያለውን ዝገትና ቀለም እስከ ብረቱ ማጽዳት፤ ዳዶዎቹን ሁሉ በመጀመሪያ በጣት ማስገባት፤ ከዚያ በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እያሻገሩ በሁለት ደረጃ ማጥበቅ፤ የመጨረሻውን ልክ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ መስጠት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ እንደ ገና መፈተሽ። ከሐረር ድሬዳዋ ደርሶ መልስ 100 ኪሎሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ሹፌሩ ድሬዳዋ እንደ ደረሰ አንድ ጊዜ፣ ሐረር ሲመለስ አንድ ጊዜ ቢፈትሽ ደንቡን ፈጸመ ማለት ነው። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የትኛው ቡሎን ልክ ያስፈልገዋል ለሚለው ጥያቄም መልስ መስጠት ይገባል፤ ሁሉንም በሚዛን እንሰር ማለት ሥራ ማቆም ነውና። የጭቃ መከላከያ፣ የሰሌዳና የመቀመጫ መሸፈኛ ቡሎኖች በእጅ ቢታሰሩ ጉዳት የለውም። የጎማ፣ የፍሬን፣ የመሪ፣ የቴስታታ፣ እንዲሁም በሞተሩ ውስጥ የቢየላና የኩሽኔታ ቡሎኖች ግን ያለ ልክ መታሰር የለባቸውም። መለያው ቀላል ነው፤ ቡሎኑ ቢላላ ሰው ይሞታልን ወይም ሞተር ይጠፋልን ብሎ መጠየቅ ነው።

ማጠቃለያ

የፋብሪካውን ልክ መከተል ይገባል። ምክንያቱም ፋብሪካው ከእኛ መካኒክ የበለጠ ስለሚያውቅ አይደለም፤ የቡሎን ደኅንነት ያለው በአንድ ወረቀት ውፍረት መለጠጥ ውስጥ ስለ ሆነና፣ እጅ የሚሰማው ያን መለጠጥ ሳይሆን ፍትጊያን ስለ ሆነ ነው። ልኩም ቢሆን ንጹሕ ጥርስን፣ ጤነኛ ቡሎንንና ትክክለኛ የመለኪያ ቋንቋን ይፈልጋል፤ እነዚህን የሚያዘጋጀው የመካኒኩ ዐይንና ጣት ነው። እጅና ቁጥር ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው ይሳሳታል።

አንድ ሐሳብ ጨምሬ ላብቃ። በጋራዦቻችን ልኩ የማይከተለው ብዙ ጊዜ ስለ ተናቀ አይደለም፤ ስለማይታወቅ ነው። መጽሐፎቹ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ ናቸው፤ የብዙዎቹም መኪናዎች መጽሐፍ ከባለቤት ባለቤት ሲተላለፍ ጠፍቷል። የምሕንድስና ተማሪዎች በከተማው የሚሠሩትን የመኪና ዐይነቶች ልክ ከታመኑ የፋብሪካ መጻሕፍት ሰብስበን፣ በኪሎግራም ሜትርና በኒውተን ሜትር፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮሚኛና በሱማልኛ በአንድ ገጽ አትመን በየጋራዡ ግድግዳ ብንለጥፍ፣ የወር ሥራ ነው። መምህራኖቻችን ቁጥሮቹን ቢመረምሩልን፣ መካኒኮቹም ጉድለቱን ቢነግሩን፣ ትምህርታችን ከጁገል ግንብ ውጭም ውስጥም የሚያገለግል ይሆናል። የሸዋ በሩ ሽማግሌ ሚዛኑን ካስቀሩት በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር፤ «የፔጆው ቁጥር ስንት ነው?» አሉኝ። የመጀመሪያው ገጽ በዚያ ጥያቄ ይጀምር።